መዋኘት ለማይችሉ የቦኔር ጉዞ መመሪያ፦ ከዳርቻ ሆኖ ዓሣና ኮራል ማየት፣ የአገሬውን ምግብ መብላት

«ካሪቢያን መሄድ እፈልጋለሁ፤ ዋና ግን አልችልም። ታዲያ ዓሣውን ሳላይ ልመለስ ነው?» ይህ ጥያቄ ከአምስተርዳምም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከአዲስ አበባም በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። መልሴ ሁልጊዜ ቦኔር ናት። ቦኔር ከቬኔዝዌላ ጠረፍ በስተሰሜን የምትገኝ፣ በኔዘርላንድስ ሥር ያለች፣ ቁልቋልና ግራር የበዛባት ትንሽ ደረቅ ደሴት ናት። የምመርጣት በአንድ ምክንያት ነው፤ በምዕራቡ ጠረፏ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ኮራሉ፣ የሚጀምረው ከዳርቻው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ነው። ጀልባ መከራየት፣ ከጀልባም ጥልቅ ውሃ ውስጥ መዝለል የለም። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመው ፊትዎን ብቻ ቢነክሩ እንኳ ዓሣ ያያሉ።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይፈጽሙ። በተለይ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ያሉትን ደረጃዎች እያቀያየሩ ወይም እየዘለሉ መሄድ አደጋ አለው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የውሃ ውስጥ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ። እዚያ መከራየት ይቻላል፤ መነጽሩን ግን ለፊትዎ ልክ የሆነውን ገዝተው ቢሄዱ ይሻላል።
- ፊን የሚባለው የእግር መቅዘፊያ፣ እንዲሁም ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ። የቦኔር ዳርቻ አብዛኛው አሸዋ ሳይሆን የኮራል ስብርባሪ ነው።
- በአፍ የሚነፋ የመንሳፈፊያ ሰደርያ። ዋና ለማይችል ሰው ይህ ለድርድር አይቀርብም።
- እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝና ባርኔጣ።
- በዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ የፀሐይ መከላከያ ቅባት።
- የውሃ ኮዳ። የቧንቧው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣና ያለ ሥጋት የሚጠጣ ስለሆነ የታሸገ ውሃ በየቀኑ መግዛት አያስፈልግም።
- የአሜሪካ ዶላር በትንንሽ ኖት። የደሴቲቱ መገበያያ ዶላር ነው።
- ትንሽ ጠርሙስ የሕፃናት ሻምፖ። ጥቅሙን 4ኛው ደረጃ ላይ ያገኙታል።

1. ሰነዶችዎን ያሟሉ

ቦኔር የኔዘርላንድስ አካል ብትሆንም የሼንገን አካባቢ አይደለችም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚጠይቀው ለካሪቢያን የኔዘርላንድስ ግዛቶች የሚሰጠውን ቪዛ ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከዚህ ቪዛ ነፃ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ። የእርስዎ ፈቃድ ከእነዚህ ውስጥ መሆኑን ቲኬት ሳይቆርጡ በፊት ከኔዘርላንድስ ኤምባሲ ያረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የመተላለፊያ ቪዛን ነው። በአሜሪካ በኩል ካለፉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጡም የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልግዎታል። በሼንገን አገር በኩል ከሆነም፣ ኢትዮጵያ የአውሮፕላን ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ናት። የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከዚህም ነፃ ሊሆኑ ስለሚችሉ ይህንንም አብረው ይጠይቁ። የደሴቲቱን ቪዛ ይዞ በመተላለፊያው ምክንያት ከመሳፈሪያው መመለስ የሚያሳዝን ኪሳራ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሡ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ይያዙ፤ አገራችን በሽታው ይገኝባቸዋል ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ናት።

ከዚያ ሁለት ክፍያዎች በኢንተርኔት ይፈጸማሉ። አንዱ የጎብኚ መግቢያ ግብር ሲሆን ለአዋቂ 75 ዶላር ነው። ሁለተኛው ወደ ባሕሩ ለመግባት የሚከፈለው የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያ ሲሆን 40 ዶላር ነው። የደሴቲቱ ዙሪያ ባሕር በሙሉ የተጠበቀ ፓርክ ነውና ያለዚህ ክፍያ ፊትዎን ነክረው ዓሣ ማየት አይፈቀድም። ይኸው ክፍያ በሰሜን ወደሚገኘው ዋሽንግተን ስላግባይ ብሔራዊ ፓርክም ስለሚያስገባ ደረሰኙን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት። ተመኑ ሊሻሻል ስለሚችል በሚከፍሉበት ዕለት ያለውን ይመልከቱ።

2. ወቅቱን ይምረጡ

ቦኔር የአውሎ ነፋሱ ዋና መንገድ ከሚያልፍበት ቀበቶ በስተደቡብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ መሄድ ይቻላል። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ዋጋው ይንራል። ከጥቅምት እስከ ጥር አልፎ አልፎ ፈጥኖ የሚያባራ ዝናብ ይጥላል። የባሕሩ ሙቀት በአብዛኛው ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ስለሆነ ብርድ አያሳስብዎት።

3. ማደሪያና መኪና ያዙ

ማደሪያዎን በዋና ከተማዋ በክራለንዳይክ ወይም በአቅራቢያዋ ያድርጉ። አመቺ የሕዝብ ትራንስፖርት ስለሌለ መኪና መከራየት ግድ ነው፤ ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ፒክአፕ ነው። አህያና ፍየል በመንገዱ ላይ እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉና ሲመሽ ቀስ ብለው ይንዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃ ውስጥ እያሉ መኪናው ውስጥ ምንም ዋጋ ያለው ዕቃ አይተዉ። በዳርቻ ከቆሙ መኪኖች መስረቅ የተለመደ ችግር ነው። ፓስፖርትና ስልክ ማደሪያ ይቀመጡ፤ የመኪናው ቁልፍ ብቻ ውሃ በማያስገባ ትንሽ ቦርሳ ታስሮ አብሮዎት ይግባ።

4. መነጽሩን ከጉዞው በፊት ይሞክሩ

ውሃ ውስጥ ሰው የሚደነግጠው በዓሣ አይደለም፤ መነጽሩ ውስጥ ውሃ ሲገባበት ነው። ስለዚህ መነጽሩን ማሰሪያውን ሳይጠቀሙ ፊትዎ ላይ ያድርጉና በአፍንጫዎ ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ። እጅዎን ሲለቁት ሳይወድቅ ተጣብቆ ከቆየ ልክዎ ነው። ከወደቀ ሌላ ይሞክሩ፤ ማሰሪያውን ማጥበቅ የማይገጥም መነጽርን አያስተካክለውም፤ እንዲያውም ጠርዙን ያጣምመውና የበለጠ ውሃ ያስገባል።

ሹሩባ የተሠራችሁ እህቶች፣ አንዲት ዘለላ እንኳ ከመነጽሩ ጠርዝ ሥር ከገባች ውሃ መንገድ ያገኛል። ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር በዋና ቆብ ወደ ኋላ ሰብስቡት። ማሰሪያው ጎማ ከሆነ ፀጉር ይነጫል፤ በጨርቅ የተለበጠውን ምረጡ። ጢም ያላችሁ ወንድሞች ደግሞ ከአፍንጫ በታች ያለውን በአጭሩ ተከርከሙ።

አዲስ መነጽር ከፋብሪካው የቀረ ስስ ቅባት አለው፤ ይህ ካልለቀቀ በየደቂቃው ይጉማል። የመስተዋቱን የውስጥ ገጽ በጥርስ ሳሙና አሽተው ያጥቡት። ባሕሩ ዳር ደግሞ አንድ ጠብታ የሕፃናት ሻምፖ ቀብተው በጥቂቱ ያለቅልቁት።

5. መንሳፈፍን ጥልቀት በሌለው ውሃ ይለማመዱ

የመጀመሪያውን ቀን ለዚህ ይስጡት። ቦታው በምሥራቅ በኩል በላክ ባሕረ ሰላጤ የሚገኘው ሶሮቦን ነው። ከፊቱ ያለው የኮራል ግንብ ማዕበሉን ይሰብረዋል፤ ውሃውም ረጅም ርቀት ድረስ ከወገብ አያልፍም፤ ወለሉም አሸዋ ነው። ነፋሱ ሳይበረታ ማልደው ይሂዱ፤ ነፋስ ሲበረታ ሞገዱ ቱቦው ውስጥ ይረጫል፤ በሸራ የሚንሸራተቱ ሰዎችም ይበዛሉ።

አደራረጉ እንዲህ ነው፦

ሀ. ሰደርያውን ለብሰው በግማሽ ይንፉት። ሙሉ በሙሉ ከተነፋ ፊትዎን ወደ ውሃው ማዘንበል ያስቸግራል።

ለ. ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመው ቱቦውን ይንከሱ፤ ከንፈርዎን ገጥመው ፊትዎን ይንከሩ። እግርዎ መሬት ላይ ይሁን። ትንፋሽዎ ረግቶ፣ ረዘም ብሎ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ይቆዩ። አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ የቀረውን የተቃጠለ አየር መልሶ ስለሚያስገባ ድካምና ፍርሃት ያመጣል።

ሐ. ሆን ብለው ቱቦው ውስጥ ትንሽ ውሃ ያስገቡና በአፍዎ በኃይል «ቱ!» ብለው ያስወጡት። ይህን ሳያስቡበት ማድረግ እስኪችሉ ይደጋግሙት። ውሃ ሲገባ ራስዎን ቀና ማድረግ ሳይሆን መንፋት ልማድ ሊሆንልዎ ይገባል።

መ. አሁን እግርዎን ከመሬት ያንሡ። ሰደርያው ይይዝዎታል። ለመቆም ሲፈልጉ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ስበው፣ ከዚያ እግርዎን ወደ ታች ይልቀቁ።

የባሕር ሣሩን አይርገጡ፤ ኤሊዎች የሚመገቡት እሱን ነው። አሸዋው ላይ ብቻ ይቁሙ።

6. የሚገቡበትን ቦታ ይምረጡ

በምዕራቡ ጠረፍ መንገድ ዳር ቢጫ ቀለም የተቀቡ፣ ስም የተጻፈባቸው ድንጋዮች ያያሉ። እነዚህ ወደ ኮራሉ የሚገባባቸው ቦታዎች ምልክት ናቸው። ለጀማሪ ቴ አሞ የሚባለው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፊት ለፊት ያለው ዳርቻ ይሻላል፤ አሸዋ አለው፣ ጥልቀቱም ቀስ በቀስ ነው የሚጨምረው። ሺህ ደረጃ የተባለው ቦታ እጅግ ያማረ ነው። የድንጋዩ ደረጃ ከመቶ ያነሰ ቢሆንም ከታች መግቢያው ድንጋያማ ስለሆነ ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቀን ያቆዩት። ከፊት ለፊት የምትታየው ክላይን ቦኔር ሰው የማይኖርባት ደሴት ናት፤ ውሃም መጸዳጃም የላትም፤ በዙሪያዋም የባሕር ጅረት፣ ማለትም ሰውን ይዞ የሚሄድ የውሃ ፍሰት፣ አለ። ወደዚያ ከሰደርያ ጋር፣ አስጎብኚ ይዘው ብቻ ይሂዱ።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ በቦኔር ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከምሥራቅ ይነፍሳል። ይህ ማለት በምዕራቡ ጠረፍ ከየብስ ወደ ባሕር ይገፋል። ውሃው ጸጥ ያለ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በአየር የተሞላ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ የተኛ ሰው ግን ሳይታወቀው ወደ ክፍት ባሕር ይወሰዳል። እንዲህ ያለ መጫወቻ ለልጅም ለአዋቂም አይያዙ። በምሥራቁ ጠረፍ ደግሞ ከላክ ውጭ ለመዋኘት አይሞክሩ፤ ማዕበሉ በቀጥታ ድንጋይ ላይ ይጥላል። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለው ፕላያ ቺኪቱ አሸዋው ቢጋብዝም ለዓይን ብቻ ነው።

7. ወደ ውሃው ይግቡ

ከመግባትዎ በፊት ዳር ላይ ቆመው አምስት ደቂቃ ውሃውን ይመልከቱ። በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል ወይም አረፋ ወደየት እንደሚሄድ ያስተውሉ፤ ጅረቱ ወደዚያ ነው። ሲነሡ ጅረቱን ተቃርነው፣ ሲመለሱ ከጅረቱ ጋር ይሂዱ። ይህን የምለው ድካም የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ ነው፤ ሲደክምዎ ባሕሩ ወደ መኪናዎ ይመልስዎት እንጂ አያርቅዎት።

በውሃ ጫማ ወገብዎ እስኪደርስ ይግቡ፤ ፊኑን እዚያ ይልበሱ። ፊን አድርጎ በድንጋይ ላይ ወደ ፊት መራመድ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል። የሚገቡት ሁለት ሆናችሁ፣ እጅ ለእጅ በሚደራረስ ርቀት ይሁን። ከዳርቻ ጋር ትይዩ ሆነው ይቅዘፉ እንጂ ወደ ሰማያዊው ጥልቅ አይሂዱ፤ የሚበዛው ዓሣ ጥልቀት በሌለው በኩል ነው።

ምርጡ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ቦኔር ከጎንደርና ከባሕር ዳር ጋር በተቀራራቢ ኬክሮስ ላይ ናት፤ የቀትሩ ፀሐይ አናት ላይ ይወጣል። ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ ቃጠሎው የሚሰማው ማታ ነው። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም ብለው አይዘናጉ። አንገትና የጉልበት ጀርባ ይላላጣሉ። ቅባት ሲገዙ ኦክሲቤንዞን እና ኦክቲኖክሴት የሚሉትን ስሞች ማሸጊያው ላይ ካዩ አይግዙት፤ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ኮራልን ስለሚጎዱ በደሴቲቱ ተከልክለዋል። ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ከለበሱ የሚያስፈልግዎ ቅባት በጣም ጥቂት ነው።

8. ዝም ብለው ይንሳፈፉ

ዓሣ የሚሸሸው ከሚንፈራገጥ ሰው ነው። አንድ ቦታ ረግተው ጥቂት ደቂቃ ቢቆዩ ወደ እርስዎ ይቀርባል። መጀመሪያ የሚመጡት ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው፤ ከዚያ ሰማያዊዎቹ በመንጋ ያልፋሉ። እባክዎ ትንፋሽዎን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ፓሮትፊሽ የሚባለው፣ እንደ በቀቀን ምንቃር ያለ ጥርስ ያለው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ ነው። ከድንጋዩ ላይ አልጌውን ይበላል፤ የፈጨውን ኮራል ነጭ አሸዋ አድርጎ እንደ ደመና ከኋላው ይለቀዋል። የቆሙበት አሸዋ ብዙው ከእሱ የመጣ ነው። ለዚህም ነው በቦኔር ይህን ዓሣ ማጥመድ የተከለከለው።

ኤሊ ካዩ ባሉበት ይቁሙ። ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለባትና ከበላይዋ ሆነው መንገድ አይዝጉባት፤ አያሳዷት።

ኮራል አይንኩ፣ አይርገጡ፣ አይደገፉ። ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ በጣት የተዳሰሰው ገጽ ይቆስላል፤ ለማገገምም ዓመታት ይፈጅበታል። ለእርስዎም ደኅና አይደለም፤ ሰናፍጭ የመሰለ ቀለም ያለው፣ ጫፉ የነጣው የእሳት ኮራል ይለበልባል። ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በድንጋዮቹ ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል። ላየንፊሽ የሚባለው ባለ ዝንጉርጉር ክንፍ ዓሣ በጀርባው ላይ መርዛም እሾህ አለው። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ቢንሳፈፉ ከእነዚህ ሁሉ ይድናሉ።

ቢወጋዎት፦ ከውሃው ይውጡ፤ የተወጋውን አካል ሳያቃጥልዎ ሊቋቋሙት በሚችሉት ሙቅ ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይንከሩት፤ ሙቀቱ መርዙን ያዳክማል። ላየንፊሽ ከሆነ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ፊት ካበጠ ሳይዘገዩ ክራለንዳይክ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።

9. የአገሬውን ምግብ ይብሉ

ከባሕር ሲወጡ ይርብዎታል። ወደ ቱሪስት ሬስቶራንቱ ሳይሆን ሰሜን ወዳለችው ወደ ሪንኮን መንደር ወይም በከተማው ወዳሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይሂዱ። ሲገቡ መጀመሪያ ሰላምታ ይስጡ፤ ጠዋት «ቦን ዲያ»፣ ከሰዓት «ቦን ታርዲ»፣ ማታ «ቦን ኖቺ»። ሰላም ሳይሉ ምግብ መጠየቅ እዚያም እንደ እኛው ነውር ነው። ለምሳ በጊዜ ይድረሱ፤ ለዕለቱ የተሠራው ሲያልቅ ሌላ አይሠራም።

መጀመሪያ ማዘዝ ያለብዎት ካብሪቱ ስቶባ ነው፤ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ቀስ ብሎ የበሰለ የፍየል ወጥ። ከጎኑ ፉንቺ ያዙ፤ የበቆሎ ገንፎ ነው ማለት ይቻላል፤ ከእኛው ጠንከር ብሎ በቢላ እስከሚቆረጥ ድረስ። ፓን ባቲ ደግሞ በማሽላ ወይም በበቆሎ ዱቄት የሚጋገር ወፈር ያለ ቂጣ ነው። በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ፒካ የሚሉት፣ ጠረጴዛው ላይ ይኖራል። በርበሬ ለለመደ ሰውም ቢሆን ያቃጥላልና በማንኪያ ጫፍ ይጀምሩ።

ዓሣ ሲያዙ ዋሁ፣ ማሂ ማሂ ወይም ቱና ይምረጡ። እነዚህ ከጥልቁ ባሕር የሚጠመዱ ናቸው። ኮራል ላይ የሚያድኑ ትልልቅ ዓሦች፣ በተለይ ባራኩዳ፣ በማብሰል የማይጠፋ፣ ሲጓቴራ የሚባለውን ሕመም የሚያመጣ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ላየንፊሽ ካገኙ ግን ደስ ብሎዎት ይብሉት፤ ከሌላ ባሕር የመጣና ትንንሾቹን ዓሦች የሚጨርስ ወራሪ ነው፤ እሾሁ ከተነሣ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው።

ጾም ላይ ከሆኑ ወይም የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ጠይቀው ይዘዙ። የባቄላ ሾርባቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይገባል፤ ፉንቺውም ቅቤ ሊኖረው ይችላል። «ያለ ሥጋ» ብቻ ካሉ በሥጋ መረቅ የተሠራ ሾርባ ሊመጣልዎ ይችላልና መረቁንም ቅቤውንም ለየብቻ ይጠይቁ።

የተለመዱ ስህተቶች

- በደረሱበት ቀን፣ ድካም ሳይወጣ፣ በቀጥታ ወደ ኮራሉ መግባት።
- ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን መነጽር ርካሽ ስለሆነ ብቻ መግዛት። ጥራት የሌለው መነጽር የተቃጠለ አየር ያጠራቅማል፤ ውሃ ሲገባበትም ቶሎ ማውለቅ ያስቸግራል።
- ጠጥቶ ወይም ጠግቦ ወዲያው መግባት።
- ዓሣ በዳቦ መመገብ። ተፈጥሯዊ ምግቡን ትቶ ሰው መከተል ይጀምራል።
- ፍላሚንጎዎችን ለፎቶ ተጠግቶ ማስበርገግ። በደቡብ በጨው ኩሬዎቹ አካባቢ ከመንገዱ ሳይወጡ በደንብ ይታያሉ።
- ልጆችን «ውሃው ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ለብቻቸው መተው።

10. ሲመለሱ

የመጨረሻው ቀን ማለዳ መሣሪያውን ሁሉ በቧንቧ ውሃ አለቅልቀው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ጨው የደረቀበት ሲሊኮን ይሰነጠቃል። የአየር ጋን ይዘው ጠልቀው ከነበረ ከበረራው በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ከመጥለቅ ይረፉ፤ በቱቦ ብቻ ለተንሳፈፈ ሰው ይህ ገደብ የለም። ከዚያ የልጆቹን ኪስና ቦርሳ ይፈትሹ። ከዳርቻ የተለቀመ ኮራል፣ የሞተም ቢሆን፣ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ትልልቁ የኮንክ ዛጎልም በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቅ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አያልፍም። ያገኙትን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከመሄድዎ በፊት ወደ ባሕሩ ይመልሱት።